የተማሪን የማወቅ ጉጉት ሳያጠፉ ማስተማር

የአራት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ «ለምን?» ሲል ይውላል። ትምህርት ቤት ሲገባ ጥያቄው ይነጥፋል። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የአራት ዓመት ሴት ልጆችን ንግግር ቤት ውስጥም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥም ቀድተው አነጻጽረው ነበር። ከእናታቸው ጋር ሲሆኑ በሰዓት በአማካይ 26 ጥያቄ ይጠይቁ የነበሩት ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሲሆኑ የጠየቁት በሰዓት 2 ያህል ብቻ ነው። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ያሉበት ቦታ ነው።

ስለዚህ መምህር ፍላጎትን ከባዶ የመፍጠር ሸክም የለበትም። ፍላጎቱ ከተማሪው ጋር ይመጣል፤ ሥራው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያጠፉት ነገሮች ደግሞ ጥቂትና የታወቁ ናቸው፦ መልሱን ከጥያቄው ማስቀደም፣ ለማሰብ ጊዜ አለመስጠት፣ ማርክን የሁሉ ነገር መለኪያ ማድረግ፣ ከአቅም በላይ ወይም በታች የሆነ ሥራ እና መሳቂያ የመሆን ፍርሃት። ብዙ መምህራን ክፍሉ ሲደነዝዝባቸው ቶሎ የሚሄዱት ወደ ቀልድና ጨዋታ ነው። ቀልዱ ለጊዜው ያነቃቃል፤ በማግስቱ ግን ተማሪው የሚያስታውሰው ቀልዱን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

ጥያቄው ከመልሱ ይቅደም

የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ ርዕሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ትርጓሜው ይነበባል፣ ምሳሌ ይሰጣል፣ መልመጃ ይከተላል። ተማሪው ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይቀበላል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ተማሪው «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ እንዲነሳ አውሉት፤ ትርጓሜው ኋላ ይደርሳል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። ትምህርቱ «አየር ቦታ ይይዛል» የሚል ነው። የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወረቀትና ውሃ የሞላ ባልዲ ብቻ ነው። ወረቀቱን ጨምድዳችሁ ብርጭቆው ሥር ወትፉት፤ ብርጭቆው ሲገለበጥ እንዳይወድቅ ጠበቅ ይበል። ከዚያ ተማሪዎቹን፦ «ብርጭቆውን ደፍቼ ውሃው ውስጥ ባጠልቀው ወረቀቱ ይርሳል ወይስ ደረቅ ሆኖ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወዲያው አታጥልቁት። እያንዳንዱ ተማሪ መጀመሪያ ግምቱንና ምክንያቱን በአንድ መስመር ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን እርምጃ ብዙዎች ለመፍጠን ይዘሉታል፤ ሙከራው የሚከሽፈውም እዚህ ጋ ነው። ግምቱን ያልጻፈ ተማሪ ውጤቱን ሲያይ «አውቄው ነበር» ይላል፤ የጻፈው ግን ከራሱ ቃል ጋር ይፋጠጣል። እጅ አስወጥታችሁ የሁለቱንም ወገን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

አሁን ብርጭቆውን ቀጥ አድርጋችሁ ደፍታችሁ ወደ ታች ግፉት፣ እንደዚያው ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ወረቀቱን ከማውጣታችሁ በፊት የብርጭቆውን አፍ በጨርቅ ጥረጉት፤ አለዚያ ከጠርዙ የሚንጠባጠበው ውሃ ወረቀቱን ይነካውና ክርክሩ ይበላሻል። አንድ ተማሪ መጥቶ ወረቀቱን በእጁ ይንካ። ክፍሉ መንጫጫት ሲጀምር «ብርጭቆውን ውሃው ውስጥ ባዘነብለውስ?» ብላችሁ ጨምሩበት። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ተማሪዎቹ መጽሐፉን ሳይከፍቱ ትርጓሜውን ራሳቸው ይናገሩታል። እናንተ የሚቀራችሁ አስተካክሎ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው።

ሒሳብም ያው ነው። «ርዝመትን በወርድ አባዙ» ከማለት ይልቅ፦ «ስፋታቸው 24 ካሬ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘን ቦታዎችን ፈልጉ። ሁሉንም ለማጠር እኩል አጥር ይበቃል?» በሏቸው። 1 በ24፣ 2 በ12፣ 3 በ8፣ 4 በ6 ያወጣሉ፤ ዙሪያቸውን ሲደምሩ 50፣ 28፣ 22 እና 20 ይመጣል። ስፋቱ አንድ ሆኖ አጥሩ ከእጥፍ በላይ መለያየቱን ያየ ተማሪ «ከ20 በታችስ ማውረድ ይቻላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ማባዛቱን ደግሞ ሳይታወቀው አሥር ጊዜ ተለማምዶታል።

ጥያቄ ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰው ምንም ስለማያውቀው ነገር አይጓጓም፤ ጥርት አድርጎ ስለሚያውቀውም እንደዚሁ። ጉጉት የሚያይለው በግማሽ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው። ጥያቄ ጥላችሁ ክፍሉ ዝም ካለ፣ ከስንፍናቸው በፊት ይህን ጠርጥሩ፦ ጥያቄው ከሚያውቁት ነገር ጋር አልተያያዘም ይሆናል። የ2 ደቂቃ መግቢያ ሰጥታችሁ እንደገና ጠይቁ።

ዝምታውን ቻሉት

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የክፍል ቅጂዎችን አዳምጠው ያገኙት ነገር ዛሬም በየክፍሉ ይታያል። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ተማሪ ይጠራሉ ወይም ራሳቸው ይመልሳሉ። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ከዚያ በፊት ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ።

ሦስት ሰከንድ ሲነገር አጭር ነው፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ረጅም ነው። ስለዚህ በግምት አትተዉት፤ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ተማሪው ከመለሰ በኋላም «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት እንደገና እስከ 3 ቁጠሩ። ይህ ሁለተኛው ዝምታ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ተማሪው «ማለቴ…» ብሎ ሐሳቡን የሚያስፋው፣ ጎረቤቱም «እኔ ግን አይመስለኝም» የሚለው በዚያች ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠሩ ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው በዝምታው መሃል ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም ነው፤ ማሰብ የጀመረው ተማሪ ሐሳቡ ይቋረጣል። ሁለተኛው ሁልጊዜ መጀመሪያ እጅ ለሚያወጡት ዕድል መስጠት ነው። የቀሩት ተማሪዎች ሦስትና አራት ፈጣን ልጆች እንደሚመልሱላቸው ያውቃሉና ማሰብ ያቆማሉ። መፍትሔው የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በአንድ ዕቃ ማስቀመጥና በዕጣ መጥራት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ፦ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ዝምታው፣ በመጨረሻ ስሙ። ስሙን ካስቀደማችሁ የተጠራው ይደነግጣል፣ የተቀረው ክፍል እፎይ ይላል።

ከበድ ላለ ጥያቄ ዝምታ ብቻውን አይበቃም። 1 ደቂቃ ለብቻ እንዲጽፉ፣ 2 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲነጋገሩ አድርጉና ዕጣ አውጡ። ዓይን አፋሩ ተማሪ ለጓደኛው አንድ ጊዜ የተናገረውን ሐሳብ ለክፍሉ መድገም አይከብደውም። በደፈናው የሚጠየቀውን «ገባችሁ?» ግን ተዉት። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ!» ነው፤ ይህ «አዎ» የገባውንም ያልገባውንም ያቀፈ ነው። በምትኩ «አሁን የሠራነውን ዛሬ ለቀረ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት» በሏቸው። ማን እንደገባው ከወረቀቱ ታያላችሁ።

ተማሪው ራሱ እንዲጠይቅ

መምህሩ የሚጠይቅበት፣ ተማሪው የሚመልስበት ክፍል ምን ያህል ቢሞቅ ግማሽ መንገድ ነው። «ጥያቄ ያለው?» ማለት ደግሞ ጥያቄ አያስወጣም። መጠየቅ እንደ ማንበብ የሚለመድ ሙያ ስለሆነ ጊዜ ተመድቦለት ይሠራ። 25 ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ በወር ሁለት ጊዜ በአዲስ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ሊደረግ የሚችል አሠራር እነሆ።

1. ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጥያቄ አይሁን። ለምሳሌ ስለ ውሃ ዑደት ከሆነ፦ «ዛሬ የጠጣችሁት ውሃ ከሺህ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጠጥቶት ሊሆን ይችላል።»

2. ተማሪዎች ከ3 እስከ 5 ሆነው ይሰብሰቡ። በ6 ደቂቃ ውስጥ ከዓረፍተ ነገሩ የሚነሱ ጥያቄዎችን የቻሉትን ያህል ይጻፉ። ሕጎቹ፦ አይመለስም፣ አይተችም፣ እንደተነገረው ይጻፋል፣ ጥያቄ ያልሆነው ወደ ጥያቄ ይለወጣል።

3. በአንድ ቃል የሚመለሱትንና ማብራሪያ የሚፈልጉትን ይለዩ። ከዚያ ከየወገኑ አንዳንድ ወስደው ወደ ሌላው ይቀይሩ። «ውሃ ይጠፋል?» የሚለው «ውሃ ከኩሬ ሲደርቅ የት ይሄዳል?» ይሆናል።

4. ከሁሉም 3 ጥያቄ ይምረጡና ለምን እንደመረጡ ይናገሩ።

5. የተመረጡት ትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፈው ይለጠፉ፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ አይነሱ። አንድ ጥያቄ መልስ ባገኘ ቁጥር አንድ ተማሪ ምልክት ያድርግበት።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ መምህሩ አፉን መያዝ አለበት። «እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ!» ማለት እንኳ ጉዳት አለው፤ ሌሎቹ ልጆች የራሳቸውን ትተው እናንተን ደስ የሚያሰኘውን ፍለጋ ይሄዳሉ። አምስተኛው ከተዘለለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ጥያቄው የት እንደደረሰ ሳያይ የቀረ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ለይስሙላ ይጠይቃል። የጥያቄ ሣጥን ክፍል ውስጥ ሰቅለው ሳይከፍቱት የሚከርሙ መምህራንም ይህን ያስታውሱ፤ የማይከፈት ሣጥን ከሌለ ሣጥን ይብሳል። በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ መድቡለት፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ብቻ ይነሳ።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም» በሉ፤ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። «አላውቅም፤ ከየት እናገኘዋለን ትላላችሁ?» ብላችሁ ቀን ቁረጡለት፣ በቀኑም መልሱን ይዛችሁ ኑ ወይም አንድ ተማሪ ይዞ ይምጣ። «ይሄ ገና ነው፣ ኋላ ትማሩታላችሁ» የሚለው መልስ የሚበጀው የሚማሩበትን ጊዜ ከተናገራችሁና ጥያቄውን ከጻፋችሁት ብቻ ነው።

እርማትና ማርክ

ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በሦስት ተከፍለው ነበር፦ ማርክ ብቻ የሚያገኙ፣ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ የሚያገኙ፣ ሁለቱንም የሚያገኙ። ፍላጎታቸውም ሥራቸውም የተሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተለዩም፤ በተለይ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች ፍላጎት ወርዷል። ምክንያቱ ደብተር ሲመለስ ይታያል። ተማሪው ቁጥሩን ያያል፣ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፣ ደብተሩን ይዘጋል። አስተያየቱን ያነበበ የለም።

ማርክ መስጠት ግዴታ የሆነበት ቦታ ብዙ ስለሆነ «ማርክ አትስጡ» ማለት አያዋጣም። የሚቻለው መለየት ነው። ለመዝገብ የማይገባውን የክፍልና የቤት ሥራ ያለ ማርክ፣ በአስተያየት ብቻ መልሱ። መዝገብ የሚገባውን ደግሞ አስተያየቱን መጀመሪያ ስጡ፤ ተማሪው አርሞ ካሳየ በኋላ ማርኩን ይወቅ።

አስተያየቱ ተማሪውን የሆነ ነገር የሚያሠራ ይሁን። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ሠራ እንበል። ላይና ታቹን ለየብቻ ደምሮታል። በቀይ ሰርዞ 5/6 ብሎ መጻፍ መልሱን ይሰጠዋል፣ ስህተቱ ግን እዚያው ይቀራል። «ደግመህ ሥራ» ማለት ደግሞ ያንኑ እንዲደግም ማድረግ ነው። ይልቅ እንዲህ ጻፉለት፦ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሁለቱንም በሥዕል አሳየኝ።» ልጁ ሲስል ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር ማግኘቱን ራሱ ይይዘዋል። ራሱ የያዘውን ስህተት በቀላሉ አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ለ50 ተማሪ እንዴት ይሆናል? ለአንድ ደብተር 2 ደቂቃ ቢወስድ 100 ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ አይሞከርም። በቀን 10 ደብተር ብቻ ሰብስቡ፤ በ5 የትምህርት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል። ስታርሙ የሚደጋገሙትን ስህተቶች በወረቀት መዝግባችሁ ቁጥር ስጧቸው፤ ከአምስትና ከስድስት አይበልጡም። ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፣ በማግስቱ የየቁጥሩን አስተያየት ሰሌዳ ላይ አስፍሩት። ደብተር በመለሳችሁበት ዕለት የመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች የማረሚያ ይሁኑ። ጊዜ ያልተሰጠው እርማት አይነበብም።

ሽልማትና ሙገሳ

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ብትስሉ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ከቀናት በኋላ ሽልማት በሌለበት ሰዓት እነዚህ ልጆች ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የሚጎዳው አስቀድሞ የሚገባው ቃል ነው፦ «ይህን ብሠራ ያን አገኛለሁ» የሚለው ስሌት ሥራውን ወደ መንገድነት ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ሽልማት ሁልጊዜ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ተማሪው ከመጀመሪያውም ለማይወደው ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ የማባዛት ሰንጠረዥን ለማጥናት፣ ትንሽ ማበረታቻ ብዙ አይጎዳም። ልጆች በራሳቸው ወደውት የሚሠሩት ነገር ላይ ግን ሽልማት አታንጠልጥሉ። ንባብ ዋናው ነው። «አሥር መጽሐፍ ላነበበ ሽልማት አለ» ሲባል ልጆች ቀጫጭኑን መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ውድድሩ ሲያልቅም ንባቡ ያልቃል። ላነበቡት መጽሐፍ ሁሉ ማጠቃለያ ማስጻፍም ያንኑ ያደርጋል። በቀን 10 ደቂቃ የፈለጉትን ያንብቡ፤ ያልጣማቸውን መጽሐፍ መመለስም ይፈቀድላቸው።

ሙገሳን በተመለከተ «አንተ እኮ ብልህ ነህ» የሚለው ቃል አይመከርም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ሥራ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ቀጥሎም ቀላሉን ይመርጣሉ። ያደረገውን ነገር ጥሩት፦ «የመጀመሪያው መንገድ ሲዘጋብሽ በሥዕል ሞከርሽው፤ ያ ነው የሠራልሽ።» ባልሠራው ጥረት ማመስገን ግን ይቅር፤ ልጅ ሐሰተኛ ሙገሳን ከአዋቂ በላይ ይለያል።

የሥራው ክብደት

ብዙ ሰው ተማሪ የሚጎብዘው ስለሚወድ ይመስለዋል። በተግባር ግን ተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ሲችል ይወዳል። ሳምንት ሙሉ ሲሠራ አንድም ያልተሳካለት ልጅ ትምህርቱን ቢጠላ አይፈረድበትም። ሁሉንም ያለ ድካም የሚሠራውም ይሰለቻል። ለልምምድ ጥሩ መነሻ፣ ተማሪው ከ10 ጥያቄ 8 ያህሉን የሚያገኝበት ክብደት ነው። ከግማሽ በታች ካገኘ አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ የጎደለውን የቀድሞ ትምህርት ፈልጉ። መለስ ሲባል ክፍተቱ ሁለት የክፍል ደረጃ ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል።

መልመጃ ስታዘጋጁ 8 ጥያቄ ከሆነ 5ቱ ከዛሬው፣ 2ቱ ካለፈው ሳምንት፣ 1ዱ ማንም የማይገደድበት ፈታኝ ይሁን። የክፍለ ጊዜው መክፈቻ ላይ ደግሞ ደብተር ተዘግቶ 3 አጫጭር ጥያቄ ጠይቁ፦ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ራሳቸው ያርሙት፣ ማርክ አይያዝ። ከራስ ፈልጎ ማስታወስ ደግሞ ከማንበብ የበለጠ ትምህርቱን እንደሚያጸና ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። ልጁ ካለፈው ወር የተማረው ገና አብሮት እንዳለ ሲያይ የሚሰማው ደስታ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ምርጫም ስጡ፤ ግን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ሲባል አብዛኛው ተማሪ ግራ ይጋባል ወይም ከጓደኛው ይቀዳል። አማራጮቹ ክብደታቸው እኩል፣ ዓላማቸው አንድ ይሁን፤ መልሱን በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በቃል ማቅረብ እንደማለት። አንዱ ከቀለለ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል።

ፍርሃት ያለበት ክፍል

ከላይ ያለው ሁሉ ቢደረግም ተማሪው ሲሳሳት የሚሳቅበት ከሆነ አይሠራም። የመጀመሪያው ሳቅ ላይ ትምህርቱን አቁሙ። ረጅም ምክር አያስፈልግም፦ «እዚህ ክፍል በመልስ አይሳቅም» ብላችሁ ወደ መላሹ ተመለሱ፣ «እስቲ እንዴት እዚያ እንደደረስክ ንገረን» በሉት። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሲደጋገም ክፍሉ ይለምደዋል። እናንተም ብትሆኑ «ይሄንንም አታውቂም?» የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ አውጡ። ተሳስቶ የተሸማቀቀ ልጅ ወሩን ሙሉ እጁን አያወጣም።

የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ወዲያው ከመንቀፍ ወይም ወደ ሌላ ተማሪ ከመዝለል ይልቅ፣ ትክክል የሆነውን ክፍሉን ለዩለት፦ «የመጀመሪያው እርምጃህ ልክ ነው። ሁለተኛውን እንየው።» የተማሪዎችን ስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጥኑ፤ «አንተ ከኋላ ያለኸው» ተብሎ የሚጠራ ልጅ ከኋላ ይቀራል።

ጭራሽ ፍላጎት የለውም የሚባለው ተማሪ

እዚህ ላይ ከመፍረድ በፊት መመርመር ይቀድማል። ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ሥራ ለብቻው ስጡት። ከሠራው ችግሩ የአቅም ክፍተት ነው፤ ፍላጎት ማጣት የተባለው ነገር መሸፈኛ ነበር። «አልፈልግም» ማለት «አልችልም» ከማለት ያነሰ ያሳፍራልና። ቀላሉንም ካልነካው እንቅልፍ፣ ረሃብ፣ የዓይን ወይም የጆሮ ችግር መኖሩን አጣሩ፤ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የሚለወጥ ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ሊሆን ይችላል። ሥራውን በቶሎ ጨርሶ የሚረብሸው ደግሞ ከባድ ሥራ ይፈልጋል፤ ያው ዓይነት መልመጃ መጨመር ቅጣት ነው።

ሁሉም ሳይሆን ሲቀር የሚሞከር አንድ መንገድ አለ፦ ለ10 ተከታታይ የትምህርት ቀናት በቀን 2 ደቂቃ ከልጁ ጋር ስለሚወደው ነገር ማውራት። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ውጤቱ አንድም ቃል አይነሳ። በሦስተኛው ቀን ወደ ምክር የሚዞር መምህር ነገሩን ያበላሸዋል፤ ልጁ ወጥመድ መሆኑን ወዲያው ይነቃል።

ከየት ይጀመር

ሁሉንም ሰኞ ዕለት አንድ ላይ የሚጀምር መምህር ዓርብ ሁሉንም ይተዋል። ለሁለት ሳምንት ጥበቃውንና የስም ዕጣውን ብቻ ያዙ፤ ዝግጅት አይጠይቅም። ከዚያ በሳምንት አንድ ትምህርት በግምትና በጥያቄ ክፈቱ። የእርማቱን ለውጥ ሦስተኛ አድርጉት፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፤ ማርክ የለመዱ ወላጆችም «ልጄ ስንት አገኘ?» ብለው ይመጣሉና የማረሚያ ደብተሩን ማሳየት ይጠቅማል።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መርጣችሁ ሦስት ነገር ቁጠሩ ወይም አንድ ተማሪ ይቁጠርላችሁ፦ ተማሪዎች ስንት ጥያቄ ጠየቁ («ውጪ ልውጣ?» አይቆጠርም)፣ ስንት የተለያየ ልጅ ተናገረ፣ ስንት ልጅ የተመለሰለትን ሥራ አርሞ አመጣ። ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይነቃነቅ ይችላል፤ ዝምታ የለመደ ክፍል ነገሩ ከልብ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል።

ትልቅ ፈተና የቀረበበት ክፍል ከሆነ፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ዘዴ አታስገቡ። በዚያን ጊዜ የሦስቱ አጫጭር ጥያቄዎች መክፈቻ ብቻውን ይበቃል፤ ለፈተናውም ቀጥተኛ ዝግጅት ነው። የቀረውን ለሚቀጥለው ምዕራፍ መግቢያ አቆዩት።